ኮሚክሱን ከ«ለመዝናናት» ገጽ አውጡልን፦ ለእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለእንግሊዝኛ ሥርዓተ ትምህርትና መማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች፤
ለፈተና አውጪዎች፤
ጽሕፈት ለምታስተምሩ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ጉዳዩ፦ ኮሚክስ በጽሕፈት ትምህርት ውስጥ ቦታ እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

የምታሳትሟቸውን የእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ስገልጥ ኮሚክስ አጥቼ አላውቅም። ቅሬታዬ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ብዙውን ጊዜ ከምዕራፉ መጨረሻ፣ ከመልመጃዎቹ ሁሉ በኋላ፣ «ለመዝናናት» የሚል ርዕስ ተሰጥቶት ይገኛል፦ ሦስት ሣጥን ሥዕል፣ ሁለት የንግግር ፊኛ (የሰዎቹ ንግግር የሚጻፍበት ክብ)፣ አንዲት ቀልድ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ነው። የጽሕፈት መልመጃው ደግሞ ከሁለት ገጽ በፊት አልፏል። «ስለማትረሳው አንድ ቀን አንድ አንቀጽ ጻፍ» ይላል፤ ከሥሩ ባዶ መስመሮች ተደርድረዋል። ተማሪው መስመሮቹ ላይ አፍጥጦ ይቆይና «ኢት ዋዝ ኤ ቬሪ ናይስ ዴይ» ብሎ ይጀምራል፤ ብዙው እዚያው ይጨርሳል።

የምጠይቃችሁ ነገር አጭር ነው። ኮሚክሱን ከምዕራፉ ጅራት አንሥታችሁ ወደ ጽሕፈት መልመጃው አምጡልን። ለማባበያነት አይደለም፤ ራሱ መልመጃው ይሁን።

«ደግሞ ይሄ ምን አዲስ ፋሽን ነው?» የሚል አይጠፋም። አዲስ አይደለም። የዘመናዊው ኮሚክስ አባት እየተባለ የሚጠራው ሮዶልፍ ቶፕፈር ጄኔቭ ውስጥ አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረው መምህር ነው። በ1820ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሣጥን በሣጥን እየሣለ ከሥራቸው የሚጽፍባቸውን አስቂኝ ታሪኮች መጀመሪያ ያዩለት ተማሪዎቹና ወዳጆቹ ነበሩ፤ ማሳተም የጀመረው የጀርመኑ ባለቅኔ ጎተ አይቶ ካደነቀለት በኋላ፣ በ1830ዎቹ ነው። በ1944 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ የሚወጣ አንድ የትምህርት ጥናት መጽሔት የዲሴምበር እትሙን በሙሉ ለኮሚክስ የትምህርት ፋይዳ ሰጠ። ነገሩ ከዚያ መቀጠል ሲገባው በ1954 ፍሬድሪክ ዌርታም የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪም ኮሚክስ ልጆችን ወደ ወንጀል ይመራል የሚል መጽሐፍ አወጣ። ጉዳዩ እስከ አሜሪካ ሴኔት ደረሰ፤ አሳታሚዎቹም ደንግጠው በዚያው ዓመት ራሳቸውን የሚቆጣጠሩበት ጥብቅ ደንብ አወጡ። በ2012 ካሮል ቲሊ የተባለች ተመራማሪ የዌርታምን ሰነዶች አገላብጣ ማስረጃዎቹን በየቦታው እንደለዋወጣቸውና እንዳጋነናቸው አሳየች። ጥርጣሬው ግን ከመጽሐፉ በላይ ዕድሜ አግኝቷል። ዛሬም ተማሪ ደብተሩ ሥር ደብቆ ኮሚክስ ሲያነብ የሚነጠቅበት ክፍል አለ። ልጁ እያነበበ ያለው በእንግሊዝኛ መሆኑን ልብ የሚል ጥቂት ነው።

ቋንቋው ቀላል ነው፣ ልጆቹን ያሰንፋቸዋል የሚለውን ስጋት በአንድ ቁጥር ልለፈው። ሄይስና አሬንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ባሳተሙት ቆጠራ ከ1000 ቃላት ውስጥ ብዙም የማይዘወተሩት ስንት እንደሆኑ አነጻጽረዋል፦ በኮሚክስ 53.5፣ በልጆች መጻሕፍት 30.9፣ የተማሩ አዋቂዎች በሚያደርጉት ጭውውት 17.3። ቆጠራው የአሜሪካን ኅትመቶች የሚመለከት ነው፤ እያንዳንዱ ኮሚክስ የቃላት ጎተራ ነው ማለት አይደለም። ግን «ቀላል» የሚለው ስድብ መሠረት እንደሌለው ለማሳየት ይበቃኛል። ደግሞም የኔ ጉዳይ ንባብ አይደለም። ስለ ንባብ ብዙ ተጽፏል። ስለ ጽሕፈት የተባለው ያንሳል፤ የኮሚክስ ትልቁ ጥቅም ያለው ደግሞ እዚያ ይመስለኛል።

ኮሚክስ ሲታይ ዓይን የሚያርፈው ሥዕሉ ላይ ነው። ለጽሕፈት መምህር ግን ዋናው ነገር ሥዕል የሌለበት ቦታ ነው፤ በአንደኛውና በሁለተኛው ሣጥን መካከል ያለችው ነጭ ክፍተት። በመጀመሪያው ሣጥን አንድ ሰው ብርጭቆ ይዟል፤ በሁለተኛው ብርጭቆው መሬት ላይ ተሰብሯል። ሲወድቅ ማንም አልሣለውም፤ አንባቢው ራሱ ነው የጣለው። ኮሚክስ ሠሪውና ስለ ኮሚክስ የጻፈው ስኮት መክላውድ በ1993 ይህን የአንባቢ ሥራ የኮሚክስ እምብርት አድርጎ ተንትኖታል። እኔ የምጨምረው ይህንን ነው፦ በእንግሊዝኛ ጽሕፈት ተማሪዎቻችንን የሚያስቸግራቸው ሰዋስው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚኖረው በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው። ምክንያትና ውጤት፣ ቅድምና ኋላ፣ «ይህ በእንዲህ እንዳለ» የሚባለው ነገር፣ የታወቀና ያልታወቀ። ሥዕሉ እነዚህን አያሳይም። ጸሐፊው ነው በቃል መሙላት ያለበት።

አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ። ቃል የሌለበት ሦስት ሣጥን አለ እንበል። በመጀመሪያው ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ አንዲት ልጅ ጃንጥላ ይዛ ከቤት ትወጣለች፤ ወንድሟ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይስቅባታል። በሁለተኛው ዝናቡ ይወርዳል፤ ልጅቷ ፌርማታ ላይ ጃንጥላዋን ዘርግታ ቆማለች። በሦስተኛው ወንድሟ እስከ ካልሲው ርሶ ጃንጥላዋ ሥር ተጠግቷል፤ እሷ ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ፈገግ ብላለች።

ይህን ለጀማሪ ክፍል ስትሰጡ የሚመጣው የመጀመሪያ ረቂቅ እንዲህ ነው፦ «ኤ ገርል ኢዝ ሆልዲንግ አን አምብሬላ። ኢት ኢዝ ሬይኒንግ። ኤ ቦይ ኢዝ ዌት።» እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ትክክል ነው። ቀይ እስክሪብቶ የያዘ መምህር የሚያሰምርበት አያገኝም። ግን ይህ ታሪክ አይደለም፤ የሦስት ፎቶግራፎች መግለጫ ነው። በተለመደው መንገድ «ማያያዣ ቃላት ተጠቀም» ብንለው «ኤንድ ዜን» እያለ ይሰፋዋል። ሥዕሉ ጠረጴዛው ላይ ካለ ግን መጠየቅ ይቻላል። ይህ የረጠበው ልጅ ማነው? አናውቀውም ወይ? ተማሪው ጣቱን ወደ መጀመሪያው ሣጥን ይመልሳል፤ «ኤ ቦይ» የነበረው «ዘ ቦይ» ይሆናል። ስለ «ኤ» እና «ዘ» ሰሌዳ ሙሉ ሕግ ጽፈን ያላስጨበጥነውን ጣቱ ነገረው። የትኛው ልጅ? የሳቀባት። መቼ ነው የሳቀባት? አሁን አይደለም፤ ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት። እዚህ ላይ «ሃድ ላፍድ» የሚለው ግስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ያገኛል። ጥያቄና መልሱ ሲያልቅ ረቂቁ «ዘ ቦይ ሁ ሃድ ላፍድ አት ኸር ዋዝ ናው ስታንዲንግ አንደር ኸር አምብሬላ» ላይ ይደርሳል። ያ የኃላፊ ጊዜ ኃላፊ («ፓስት ፐርፌክት») በየክፍሉ በሠንጠረዥ ሲሸመደድ የምናውቀው ነው፤ ተማሪው ሦስተኛው ሣጥን ላይ ቆሞ ወደ አንደኛው ዞር ሲል ግን ለምን እንደተፈጠረ ይገባዋል።

መክላውድ ከሣጥን ወደ ሣጥን የሚደረገውን ሽግግር በ6 ይከፍለዋል። ስድስቱንም ተማሪ ማሸምደድ አያስፈልግም፤ ሦስቱ ለጽሕፈት መምህር ይበቃሉ። ከድርጊት ወደ ድርጊት ስንሻገር «አፍተር»፣ «አዝ ሱን አዝ» ይመጣሉ። እዚያው ትዕይንት ውስጥ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ስንዞር «ዋይል» እና «ሚንዋይል» ያስፈልጋሉ። ከቦታ ወደ ሌላ ቦታ ወይም ከቀን ወደ ሌላ ቀን ከዘለልን አዲስ አንቀጽ ይከፈታል። «አዲስ ሐሳብ ሲመጣ አዲስ አንቀጽ» የሚለውን መመሪያ ስንቱ ተማሪ ጽፎት ስንቱ እንደገባው እናንተም ታውቃላችሁ። ትዕይንቱ ሲቀየር በዓይኑ ካየ ግን አንቀጹን የት እንደሚቆርጥ አይጠይቃችሁም።

ሌላው ፊኛው ነው። ፊኛ ጅራት ስላለው ማን እንደተናገረ በጽሑፍ መናገር አያስፈልግም። ጫፉ እንደ እሾህ የተሰነጣጠቀ ከሆነ ጩኸት ነው፤ ዙሪያው በነጠብጣብ መስመር ከተሠራ ሹክሹክታ፤ እንደ ደመና ከሆነ ሐሳብ። ይህ ሁሉ ወደ አንቀጽ ሲለወጥ በቃል መተካት አለበት፦ ማን፣ ለማን፣ በምን ዓይነት ድምፅ። «ሴድ» ብቻ የሚያውቅ ተማሪ «ሻውትድ» እና «ዊስፐርድ» የሚፈልግበት ምክንያት ያገኛል። በዚያ ላይ አማርኛ ተናግሮ ያደገ ተማሪ የሰውን ንግግር እንዳለ አስቀምጦ «አለ» የሚል ማሠሪያ ማስከተል ለምዷል። «እመጣለሁ አለ» ይላልና በእንግሊዝኛም «ሂ ሴድ አይ ዊል ካም» ይጽፋል። እንዲህ ሲጽፍ የሚመጣው ተራኪው ይሁን ተናጋሪው አይለይም። ፊኛውን ከሥዕሉ ነቅሎ ወደ ተራኪው አፍ ማዛወር «አይ» ወደ «ሂ»፣ «ዊል» ወደ «ውድ» የሚለወጡበትን ምክንያት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፦ አሁን የሚናገረው ሌላ ሰው ነው። ይህን ልምምድ ከየትኛውም የቀጥታና ኢቀጥታ ንግግር መቀየሪያ መልመጃ አስበልጣለሁ።

ከሁሉ የምወደው ግን ሥዕሉ ከጽሑፉ በኋላ የሚመጣበት መልመጃ ነው። የኮሚክስ ጸሐፊዎች ብዙዎቹ አይስሉም። ለሠዓሊው በየሣጥኑ ምን እንደሚታይ የሚገልጽ ጽሑፍ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ ተናጋሪውንና ንግግሩን ያስከትላሉ። ክፍል ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይህን ይጻፉና ወረቀቱን ለሌላ ጥንድ ይስጡ፤ ተቀባዮቹ ምንም ሳይጠይቁ የተጻፈውን ብቻ ይሳሉ። አንዱ «ኤ ማን ኢዝ ኒር ዘ ዶር» ብሎ ጽፎ ከሆነ ሰውየው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ተስሎ ይመጣል። ጸሐፊው ግን ውጭ ቆሞ ሊያንኳኳ የተዘጋጀ ሰው ነበር ያሰበው። ይጨቃጨቃሉ። «ኒር» ብለሃል እኮ! በዚህ ጭቅጭቅ መሐል መምህሩ ዝም ማለት ነው ያለበት። «አውትሳይድ»፣ «ፌሲንግ»፣ «አባውት ቱ ኖክ» የሚሉት ራሳቸው ይመጣሉ። ጽሑፍ ግልጽ ያልሆነ እንደሆን ምን እንደሚከተል ተማሪ በዓይኑ የሚያይበት ሌላ መልመጃ አላውቅም፤ በተለመደው ድርሰት የሚያየው ማርኩን ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ የሥዕል ችሎታ አያስፈልግም፤ ክብ ራስና አራት መስመር ያለው ሰው ይበቃል። እንዲያውም በጣም የሚስል ተማሪ የጎደለውን ከራሱ እየሞላ ልምምዱን ያበላሻል።

ተቃራኒውም ይሠራል። በ1960ዎቹ ማርቭል በተባለው የአሜሪካ ኮሚክስ አሳታሚ ዘንድ የተለመደው አሠራር መጀመሪያ አጠር ያለ ታሪክ ለሠዓሊው መስጠት፣ ሥዕሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ደግሞ ጸሐፊው ፊኛዎቹን እንዲሞላ ማድረግ ነበር። ፊኛቸው ባዶ የሆነ ገጽ ለተማሪ መስጠት ከዚህ የተለየ አይደለም። ቦታው ጠባብ መሆኑ ደግሞ ራሱ ያስተምራል። የኮሚክስ ጸሐፊው አላን ሙር ዲሲ በተባለው ሌላ የኮሚክስ አሳታሚ አርታኢ ከነበረው ከሞርት ዋይሲንገር የወሰደውን ልክ ሲናገር በአንድ ሣጥን ቢበዛ 35 ቃል፣ በአንድ ፊኛ ከ20 እስከ 25 ቃል ይላል። ለተማሪ ከዚያም ዝቅ አድርጉት። «አሳጥር» የሚለው ምክር ድርሰት ላይ ሲጻፍ ቅጣት ይመስላል፤ ፊኛው ውስጥ አልገባ ሲል ግን ተማሪው ማንም ሳያዘው «ቬሪ ቬሪ» የሚለውን ይሰርዛል።

እዚህ ላይ ችግሮቹን ሳልናገር ባልፍ አታምኑኝም። ትልቁ ፊደል ነው። የእንግሊዝኛ ኮሚክስ በልማድ ሁሉም በትልልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው። ትልቅ ፊደል የት እንደሚገባ ገና ለሚለማመድ ተማሪ ይህ መጥፎ አርአያ ነው። (የሚገርመው፣ እጅ ጽሑፋቸው የተጠነቀቀ የኮሚክስ ፊደል ጸሐፊዎች «አይ» የሚለውን ፊደል ከላይና ከታች አግድም መስመር የሚያደርጉለት በዋናነት «እኔ» ማለት ሲሆን ነው፤ ይህችን ለተማሪ ማሳየት ደስ ይላል እንጂ ችግሩን አትፈታም።) ስለዚህ ለመማሪያ መጽሐፍ የሚዘጋጀው ኮሚክስ በተለመደው የትልቅና ትንሽ ፊደል ሥርዓት ይጻፍ፤ ወጪ የለውም፤ ውሳኔ ብቻ ነው። «ጎና» («ጎይንግ ቱ» ለማለት) እና «ዋና» («ዋንት ቱ» ለማለት) የመሳሰሉት የአፍ አነጋገሮችና ቁርጥራጭ ዓረፍተ ነገሮችም አሉ። እነዚህን ከፊኛው ባናወጣቸው እመርጣለሁ። ሰው እንዲያ ነው የሚናገረው። ነገር ግን ከፊኛ ወደ አንቀጽ ሲሻገሩ ልብሳቸውን እንዲቀይሩ ማስተማር የጽሕፈት መምህር ሥራ ነው፤ የንግግርንና የጽሑፍን ልዩነት ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ አጋጣሚ አይገኝም።

ኮሚክስ ማንበብ በራሱ የሚለመድ መሆኑም ይረሳል። የኮሚክስ ተመራማሪው ኒል ኮን ሥዕልን በተከታታይ መረዳት ለሁሉም ሰው በተፈጥሮ የሚሰጥ ሳይሆን በልምድ የሚገኝ ችሎታ መሆኑን አበክሮ ጽፏል። ኮሚክስ አይቶ የማያውቅ ተማሪ በሁለት ሣጥን ውስጥ ያለችውን አንዲት ልጅ ሁለት ልጆች አድርጎ ሊያያት ይችላል፤ የትኛው ፊኛ እንደሚቀድም ላያውቅ ይችላል። ለዚህ አንድ ክፍለ ጊዜ መስጠት ነው። ጁን ሊው የተባለ ተመራማሪ በ2004 ባሳተመው ጥናትም እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ከሆነ ተማሪዎች መካከል በግልጽ የተጠቀሙት ዝቅተኛ ደረጃ ላይ ያሉት፣ ያውም ከበድ ያለ ጽሑፍ ሲሰጣቸው ነው። ከዚህ ተነሥቼ ኮሚክስ ለሁሉም ተማሪ በሁሉም ጊዜ ይረዳል አልልም። የሙግት ድርሰት ላይ ለምሳሌ ብዙ አይራመድም፤ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ በፊኛ ማጻፍ የተቃራኒን ሐሳብ ለማሰብ ይረዳ ይሆናል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ድርሰቱ በራሱ መንገድ መሄድ አለበት። ለትረካ፣ ለገለጻና «እንዴት እንደሚሠራ» ለሚያስረዳ ጽሑፍ ግን ሙሉ አቅሙ አለ። ለዚህ ለመጨረሻው የጽሑፍ ዓይነት ማስረጃ የሚፈልግ ካለ የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ የተሽከርካሪና የመሣሪያ እንክብካቤን በኮሚክስ ሲያስተምር እንደኖረ ያስታውስ፤ ታዋቂው ኮሚክስ ሠሪ ዊል አይስነር ለዚሁ በወጣው መጽሔት ላይ ከ1951 እስከ 1971 ሠርቷል።

ማየት የማይችሉ ተማሪዎችም አሉን። ኮሚክስ ያለበት መልመጃ ሲወጣ ለእነሱ የእያንዳንዱ ሣጥን ገለጻ በጽሑፍ ይታተም፤ ከላይ ያነሣሁት የኮሚክስ ጽሑፍ የማዘጋጀት ሥራ ደግሞ ከማንም እኩል የሚሠሩት ነው። ስለ ኮምፒውተር መተግበሪያዎች ብዙ አልልም። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ሥዕሉንም ጽሑፉንም በአንድ ትእዛዝ የሚያወጣ መሣሪያ ግን እዚህ ቦታ የለውም፤ ተማሪው መሥራት ያለበትን ያንኑ ክፍል ነው የሚወስድበት።

የፈተና አውጪዎች፣ «ይህ በማርክ አይለካም» የሚለውን መልስ አስቀድሜ ልመልስ። ይለካል። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ለእንግሊዝኛ ጀማሪዎች የሚሰጠው የካምብሪጅ ኤ2 ኪ ፈተና በጽሕፈት ክፍሉ መጨረሻ ላይ ሦስት ሥዕሎች ሰጥቶ ከ35 ቃል ያላነሰ ታሪክ ያስጽፋል። ማርኩ የሚሰጠው ለጽሑፉ ነው፤ ማንም ሥዕል አይስልም። እናንተም ቢያንስ አንድ ጥያቄ በዚህ መንገድ አውጡ። ፈተና ላይ ያልመጣ ነገር ክፍል ውስጥ እንደማይገባ ከናንተ ይልቅ እኛ በደንብ እናውቀዋለን። በተለይ ክፍተቱን ለመሙላት የዋለውን ቋንቋ፣ ማለትም ማያያዣውን፣ የጊዜ ቅደም ተከተሉን፣ የ«ኤ» እና የ«ዘ» አጠቃቀሙን፣ ራሱን የቻለ ማርክ ስጡት። ለፊደል ግድፈት የሚቀነሰው ማርክ ትንሽ ቢቀንስም የሚከፋ አይመስለኝም።

ባልደረቦቼ፣ መጽሐፉ እስኪታረም መጠበቅ የለባችሁም። መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን ያንኑ ቀልድ ውሰዱ፤ ፊኛዎቹን በወረቀት ሸፍኑና ለተማሪዎቹ ስጡ። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ መሐለኛውን ሣጥን ሸፍኑ፤ ምን ሆኖ እንደነበር ይጻፉ። ከዚያ ፊኛ የሚባል ነገር ሳይኖር ሙሉውን በአንቀጽ ይድገሙት። ይህ ሦስተኛው እንዳይዘለል አደራ፤ ፊኛ ብቻ አስሞልቶ የሚያቆም መምህር ያዝናናል እንጂ ጽሕፈት አላስተማረም።

አዘጋጆች፣ ሙሉ መጽሐፉ ይቀየር አላልኩም። ሙከራ የምታደርጉ ከሆነ ያለፈ ድርጊት ትረካ የሚለማመዱበትን ምዕራፍ ምረጡ። ሦስት ወይም አራት ሣጥን ይበቃል። ፊኛዎቹን ባዶ ተዉአቸው፤ በሣጥኖቹ መካከል ያለውን ክፍተት ደግሞ ተማሪ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍበት ሰፋ አድርጋችሁ አትሙት። ቀልዱን እኛ እንጨርሰዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት መምህር